ከመፍላቱ በፊት፣ ከፈላ በኋላ፦ ቢራ በቤት ዕቃ መጥመቅ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። 20 ሊትር የሚይዝ የአሉሚኒየም ድስት፣ ሁለት ባልዲና አንድ የዘይት ጀሪካን አለኝ። በእነዚህ ቢራ ልጥመቅ ብዬ ከገበያ ብቅልና ጌሾ ገዛሁ። ብቅሉን አስፈጭቼ ከውሃ ጋር አፈላሁት፣ አጠለልኩት፣ እንዲቀዘቅዝ ሌሊቱን ተውኩት። ጠዋት ጌሾና የዳቦ እርሾ ጨምሬ ጀሪካኑ ውስጥ ከደንኩት። በአምስተኛው ቀን በየጠርሙሱ አንድ አንድ ማንኪያ ስኳር ጨምሬ አሸግኩ። አንዱ ጠርሙስ ፈነዳ። የቀሩት ቀጭንና ኮምጣጣ ሆኑ፣ አረፋም የላቸውም። ዕቃ መግዛት አለብኝ ወይስ ባለኝ ይሆናል? ለእንቁጣጣሽ ባደርሰው ደስ ይለኛል።

መልስ፦ ሰላም ወንድሜ። ባለህ ይሆናል። ድስቱም ባልዲዎቹም ይበቃሉ፤ ከሥራ ውጪ የሚሆነው ጀሪካኑ ብቻ ነው። የግድ ገንዘብ ላውጣ ካልክ ቴርሞሜትርና ግራም የሚለካ የወጥ ቤት ሚዛን ግዛ። ሌላው በእጅ የሚሠራ ነው።

ቢራ ጠመቃ ላይ አንድ ድንበር አለ። ከብቅሉ የተጣራው ጣፋጭ ውሃ፣ ጠማቂዎች ዎርት የሚሉት፣ የሚፈላበት ሰዓት ነው ድንበሩ። ከዚያ በፊት የሚነካው ዕቃ በሳሙና የታጠበ ከሆነ ይበቃል። ጀርም ቢኖርበትም አብሮ ይቀቀላል። ከፈላ በኋላ ግን ዎርቱን የሚነካ ነገር ሁሉ ከጀርም የጸዳ መሆን አለበት። ማንኪያው፣ ክዳኑ፣ ቱቦው፣ ጠርሙሱ፣ ሁሉም። ሞቅ ያለ፣ ስኳር የሞላበት ውሃ ነው። እርሾው ቦታውን እስኪይዝ ድረስ የቀደመ ሁሉ ይበላዋል።

አንተ ጋ ይህ ድንበር ሦስት ቦታ ላይ ተጥሷል። ዎርቱ ሌሊቱን ሙሉ ለብ ብሎ ያለ እርሾ አድሯል። ጌሾው ሳይፈላ በጥሬው ገብቷል። ጀሪካኑ ደግሞ አፉ ጠባብ ስለሆነ ውስጡን በእጅ ማጠብ አይቻልም። ኮምጣጣነቱ ከእነዚህ ነው የመጣው።

የጌሾው ነገር ብዙ ሰው ስለሚያሳስት ትንሽ ልቆይበት። ጠላ ሲጠነሰስ ማንም ከሱቅ እርሾ ገዝቶ አይጨምርም። ጌሾና ብቅል በውሃ ይዘፈዘፋሉ፣ ከቀናት በኋላ ጥንስሱ መንፋት ይጀምራል። እርሾው የመጣው ከጌሾው፣ ከብቅሉና ከዕቃው ነው። ከእርሾው ጋር ኮምጣጣ የሚያመጡ ባክቴሪያዎችም አብረው ይገባሉ። ለጠላ ይህ ጥሩ ነው። ቆንጠጥ የሚያደርገው ጣዕሙ ከዚያ ነው፣ ደግሞም ቶሎ ስለሚጠጣ ከልክ በላይ ለመኮምጠጥ ጊዜ አያገኝም። ቢራ ግን ጠርሙስ ውስጥ ሳምንታት ይቀመጣል። ያ ባክቴሪያ አብሮ ከታሸገ ሥራውን አያቆምም። ስለዚህ ለቢራ ጌሾ ከተጠቀምክ የግድ ከዎርቱ ጋር ይፍላ።

አሁን ከብቅሉ እንጀምር። ለ10 ሊትር ቢራ 2.2 ኪሎ ገደማ ብቅል ይበቃል። በ20 ሊትር ድስት ከዚህ በላይ አትሞክር፣ ይገነፍላል። ከተቻለ ለቢራ ፋብሪካ የተዘጋጀ ብቅል ፈልግ። አሰላ ላይ ትልቅ የብቅል ፋብሪካ አለ፣ ደብረ ብርሃንም እንዲሁ። ችግሩ አንድና ሁለት ኪሎ ለሚፈልግ ሰው ማግኘቱ ነው። ካጣህ የገበያውን የገብስ ብቅል ያዝ። ስትገዛ አሽትተው፣ እፍኝ ወስደህም ተመልከተው። ሻጋታ ሻጋታ የሚሸት ወይም አረንጓዴና ጥቁር ነጠብጣብ ያለበት ከሆነ ተወው። የገበያ ብቅል ብዙውን ጊዜ በፀሐይ ብቻ የደረቀ ስለሆነ ጥሬ ጥሬ፣ ሣር ሣር ይላል። ኦቭን ካለህ በስሱ አሰራጭተህ መጀመሪያ ከ50 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት በደንብ አድርቀው። ከዚያ 80 ዲግሪ አካባቢ ሦስት አራት ሰዓት አቆየው። ቅደም ተከተሉን አትገልብጥ። እርጥብ ብቅል ቶሎ ከጋለ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚቀይሩት ኢንዛይሞች ይሞታሉ። የደረቀውን በእጅህ እሸውና ሥሮቹን አራግፍ፣ መራራ ናቸው።

ራስህ ማብቀል ካማረህ ደግሞ የገብሱን ዓይነት ጠይቅ። ሆልከርና ሚስካል 21 የሚባሉት በአርሲና በባሌ የሚመረቱ የቢራ ገብሶች ናቸው። ለእንጀራና ለቆሎ የሚሆነው ገብስም ይሠራል፣ ግን ፕሮቲኑ ስለሚበዛ ቢራው ይደፈርሳል። ከአንድ ኪሎ ገብስ 800 ግራም ገደማ ብቅል ጠብቅ።

ወፍጮ ቤት ስትሄድ ዱቄት እንዳያደርጉብህ። ሽርክት ነው የሚፈለገው። ፍሬው ይሰበር፣ ገለባው ግን እንዳለ ይቅር። ዱቄት ከሆነ ማጥለያህን ይደፍነዋል።

ቀጥሎ ያለው አንተ ጋ የተበላሸው ሁለተኛው ነገር ነው። ብቅሉን በቀጥታ አፍልተኸዋል። እነዚያ ኢንዛይሞች የሚሠሩት ከ62 እስከ 70 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው፣ ከ78 በላይ ያልቅላቸዋል። ስታርቹ ስኳር ሳይሆን ከፈላ ደግሞ ገንፎ ነው የሚሆነው። እርሾ ገንፎ አይበላም። ለቢራው ቅጥነት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ብቅሉ ከ64 እስከ 67 ዲግሪ ባለው ውሃ ውስጥ አንድ ሰዓት ይቀመጥ። ሙቀቱ ወደ ታች ካደላ ቢራው ቀለል ያለ፣ ደረቅ ይሆናል። ወደ ላይ ካደላ ወፈር ይላል፣ ጣፋጭነትም ይተርፈዋል።

ቴርሞሜትሩ እስኪገዛ ድረስ አንድ ብልሃት አለ። አዲስ አበባ ከፍታዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ ገደማ ነው። ሁለት እጅ የፈላ ውሃ ከአንድ እጅ የቧንቧ ውሃ ጋር ስትቀላቅል 68 ዲግሪ አካባቢ ታገኛለህ። 14 ሊትር እንዲህ የተቀላቀለ ውሃ ላይ 2.2 ኪሎ ብቅል ሲገባ ሙቀቱ ወደ 65 ይወርዳል። የምንፈልገው እሱን ነው። ይህ ሒሳብ ግን ለአዲስ አበባና ለመሰሎቿ ነው። ድሬዳዋ ላይ ውሃው በ96 ገደማ ይፈላል፣ የቧንቧውም ውሃ ሞቃት ነው። በዚሁ ልክ ከተቀላቀለ ይግላል።

የቧንቧ ውሃው ክሎሪን የሚሸት ከሆነ ከዋዜማው ቀድተህ ክፍት አድርገህ አሳድረው። ክሎሪን ከብቅሉ ጋር ሲገናኝ የቁስል ፕላስተር የመሰለ ጣዕም ያመጣል፣ አንዴ ከመጣ ደግሞ አይለቅም።

ለማጥለል ስስ የመስኮት መጋረጃ ወይም ሻሽ ለልብስ ሰፊ ስጥና በድስቱ አፍ ልክ ከረጢት አሰፋ። ብቅሉ እዚያ ውስጥ ሆኖ ይዘፈዘፋል። ሰዓቱ ሲሞላ ከረጢቱን ታነሣዋለህ፣ ድስቱ ላይ ይንጠፈጠፋል፣ አለቀ። ፋብሪካ በትላልቅ ማጣሪያ የሚሠራውን ለ10 ሊትር ይህ ከረጢት ይሠራልሃል። በእጅ ከሠራሃቸው ዕቃዎች ሁሉ የምትወደው እሱን ይሆናል። አንድ ሰዓቱን ድስቱን ከእሳት አውርደህ በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ ሙቀቱ ብዙ አይወርድም። እግረ መንገዴን፣ በዚህ መሃል መብራት ቢሄድ አትደንግጥ፣ ጋቢው ይይዘዋል። ሲፈላ ከሄደ ደግሞ ክደነውና ሲመጣ ከቆመበት ቀጥል።

ስታርቹ ማለቁን በዓይንህ ማየት ትችላለህ። ከፋርማሲ የቁስል አዮዲን ግዛ። ከዎርቱ ግማሽ ማንኪያ ነጭ ሳህን ላይ አፍስስና አንድ ጠብታ አዮዲን ጠብ አድርግበት። ሰማያዊ ወይም ጥቁር ከሆነ ስታርች ገና አለ፣ ሌላ 20 ደቂቃ ጠብቅ። የአዮዲኑ ቡናማ መልክ እንዳለ ከቀረ ደርሷል። ሳህኑ ላይ ያለውን ድፋው፣ ወደ ድስት አትመልሰው።

ከረጢቱ ከወጣ በኋላ ዎርቱን አፍላ። ክዳኑን ክፈተው። ተከድኖ ከፈላ የተቀቀለ ጎመን የሚመስል ሽታ ይቀርበታል። ሌላ አገር የተጻፉ መመሪያዎች አንድ ሰዓት አፍላ ይላሉ፣ አንተ አንድ ሰዓት ተኩል አፍላ። ምክንያቱም ያው ከፍታው ነው። ሆፕስ ለቢራ መራራነት የሚሰጠው የተክል አበባ ነው። መራራነቱ የሚወጣው በሙቀት ነው፣ በ92 ዲግሪ የሚወጣበት ፍጥነት በ100 ዲግሪ ከሚወጣበት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። ውጭ አገር ያለ ዘመድ የታሸገ የሆፕስ እንክብል ካመጣልህ አልፋ አሲድ የሚለውን፣ የመራራነቱን ኃይል የሚነግርህን ቁጥር እሽጉ ላይ እይ። 8 በመቶ ከሆነ ለ10 ሊትር 15 ግራም ገደማ ይበቃል፣ መፍላት ሲጀምር ጨምረው። ሆፕስ ከመራራነቱ ሌላ ኮምጣጣ የሚያመጣውን ባክቴሪያ ይገታል።

ሆፕስ ከሌለ ጌሾ። የጌሾ እንጨቱን ትንሽ ከረጢት ውስጥ አስረህ እየፈላ ካለው ዎርት ውስጥ ክተት። በየ10 ደቂቃው በማንኪያ ቅመስ። የምትፈልገው ላይ ሳይሆን ትንሽ አለፍ ሲል አውጣው፣ ምክንያቱም አሁን አፍህ ላይ መራራውን የሚሸፍነው ስኳር በእርሾ ይበላል። ቅጠሉን በጣም አታብዛው፣ ጉሮሮ ላይ የሚቀር ጣዕም ይተዋል። እውነቱን ለመናገር በጌሾ የተጠመቀ ቢራ የፋብሪካውን አይመስልም። እኔ ግን በጣም እወደዋለሁ። የራሱ ጠረን አለው፣ የዚህ አገር ነው።

አሁን ድንበሩን ተሻገርን። ከዚህ በኋላ የሚፈለገው ፍጥነትና ንጽህና ነው። ድስቱን ክደነውና ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሳፋ ውስጥ አስቀምጠው። ውሃው ሲሞቅ ቀይረው። አራት አምስት ጊዜ ከቀየርክ በአንድ ሰዓት አካባቢ ከ25 ዲግሪ በታች ይወርዳል። ሥራው ካማረህና ልትቀጥልበት ካሰብክ ከፍሪጅ ጠጋኞች የመዳብ ቱቦ ገዝተህ እንደ ስፕሪንግ ጠምዝዘው። መፍላቱ ሊያልቅ 15 ደቂቃ ሲቀረው ዎርቱ ውስጥ ክተተውና እሳቱ ሲጠፋ የቧንቧ ውሃ በውስጡ አሳልፍበት። በጣም ያፈጥናል።

ማብላያ የሚሆንህ ባልዲው ነው። ሥሩን ገልብጠህ እይ። 2 ወይም 5 ቁጥር ያለው የሦስት ማዕዘን ምልክት፣ የብርጭቆና የሹካ ሥዕልም ካለው ለምግብ ይሆናል። የቀለም ባልዲ፣ ቢታጠብም፣ አይሆንም። የዚንክ ባልዲም አይሆንም፣ ዎርት አሲድነት ስላለው ዚንኩን ያሟሟዋል። የአሉሚኒየም ድስትህ ምንም አይልም፣ ግራጫ የሆነውን ውስጡን ግን ፈትገህ አታብራው፣ እሱ ነው መከላከያው። የዘይት ጀሪካኑን ያገለልኩት በጀርሙ ብቻ አይደለም። ስብ የቢራ አረፋ ይገድላል። ፕላስቲክ ውስጥ የገባ ዘይት በሳሙና ሙልጭ ብሎ አይወጣም። አረፋው የጠፋብህ በከፊል በዚህ ነው። ብርጭቆህም ቅባት ካለው ያው ነው።

ባልዲውን በበረኪና አጽዳው። ለ4 ሊትር ውሃ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ 20 ደቂቃ ይቀመጥ፣ ከዚያ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በደንብ አለቅልቀው። በረኪናን ከኮምጣጤም ሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር ፈጽሞ አትቀላቅል፣ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አሉሚኒየሙ ላይም አታድርገው፣ ይበላዋል። ክዳኑን በጋለ ሚስማር ብሳውና አዲስ የግሉኮስ ቱቦ ጥብቅ አድርገህ አስገባ። የቱቦውን ሌላ ጫፍ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ውስጥ ንከረው። ጋዙ በውሃው ውስጥ ቡልቅ ቡልቅ እያለ ይወጣል፣ አየር ግን አይመለስም።

የቀዘቀዘውን ዎርት ከድስት ወደ ባልዲ ከፍ አድርገህ እያንቧቧህ ገልብጠው። እርሾ ለመጀመር አየር ይፈልጋል። ከዚህች ሰዓት በኋላ ግን አየር ጠላቱ ነው። የቢራ እርሾ ካገኘህ 11 ግራም ከሚይዘው ፓኬት ግማሹ ይበቃል። ካላገኘህ ያው የዳቦ ደረቅ እርሾ 5 ግራም፣ ፈልቶ ለብ ባለ ውሃ በጥብጠው። የዳቦ እርሾ ይሠራል። ቢራው ቶሎ አይጠራም፣ ትንሽ ዳቦ ዳቦም ይላል እንጂ ችግር የለውም።

ሙቀትን በተመለከተ ዕድለኛ ነህ። የአዲስ አበባ ቤት ውስጥ ሙቀት ከ18 እስከ 22 ይዋዥቃል። ኤል የሚባለው የቢራ ዓይነት እርሾ የሚወደው ይህንን ነው። የፋብሪካ ቢራዎቻችን ላገር የሚባለው ዓይነት ናቸው፣ እርሾአቸው ከ9 እስከ 13 ዲግሪ ይፈልጋል። ስለዚህ ያለ ፍሪጅ የእነሱን ጣዕም ለማምጣት አትድከም። ባልዲውን ፀሐይ የማይደርስበት ቦታ ወለል ላይ አስቀምጠው፣ ሲብላላ ራሱ ሁለት ሦስት ዲግሪ ይሞቃልና።

ጠርሙሱ ለምን ፈነዳ? አምስት ቀን በቂ አልነበረም፣ እርሾው ገና እየበላ ነበር። በዚያ ላይ ማንኪያ በማንኪያ የገባ ስኳር እኩል አይሆንም። አንዱ ሞልቶ ገባ፣ አንዱ ጎድሎ። ሌሎቹ ጋዝ ያልያዙት ደግሞ ክዳናቸው ስለሚያስተነፍስ ይመስለኛል። መብላላቱ ማለቁን በቀን ቁጥር አትወስን። ሚዛን ያስገዛሁህ ለዚህ ነው። አንድ የግማሽ ሊትር ሃይላንድ እስከ አፉ ውሃ ሙላውና መዝነው፣ የጠርሙሱን ክብደት ቀንስ። 500 ግራም መጣ እንበል። ያንኑ ጠርሙስ እርሾ ያልገባበት ዎርት ሙላው፣ 522 ገደማ ይመጣል። ትርፉ 22 ግራም ስኳሩ ያመጣው ክብደት ነው። ከ10 ቀን በኋላ ከባልዲው ቀድተህ፣ ጋዙን በመነቅነቅ አውጥተህ እንደገና መዝን፣ 505 አካባቢ ይሆናል። በሦስተኛው ቀን ድገመው። ቁጥሩ ካልተነቃነቀ አልቋል። ከ522 ወደ 505 ከወረደ ቢራህ 4.5 በመቶ አካባቢ አልኮል አለው። የመዘንከውን ጠጣው እንጂ ወደ ባልዲ አትመልሰው።

ለማሸግ የለስላሳ ፕላስቲክ ጠርሙስ ያዝ፣ ኮካ ወይም ስፕራይት የነበረበት። ለጋዝ ግፊት የተሠራ ነው። የውሃ ሃይላንድ አይሆንም፣ ስስ ነው። ጠርሙሶቹንም እንደ ባልዲው በበረኪና አጽዳ። ለ10 ሊትር 65 ግራም ስኳር በጥቂት ውሃ አፍልተህ፣ አቀዝቅዘህ፣ በሁለተኛው ንጹህ ባልዲ ውስጥ አፍስስ። ቢራውን በቱቦ ከአተላው ለይተህ በላዩ አንቆርቁረው። በአፍህ ግን አትሳበው። ቱቦውን ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ሙላውና ዝቅ አድርገህ ልቀቀው፣ ራሱ ይጎትታል። አሁን ስኳሩ በየጠርሙሱ እኩል ይደርሳል። ጠርሙሱን በየቀኑ ጨመቅ አድርገው። ከሳምንት በኋላ እንደ አዲስ ለስላሳ ጠርሙስ ድንጋይ ይሆናል። ከዚያም አልፎ ሥሩ ከተነፋ ክዳኑን ቀስ ብለህ አስተንፍሰው። ብርጭቆ ቢሆን ኖሮ ይህን አታውቅም ነበር።

አንዳንዶች በቤት የተጠመቀ ቢራ ዓይን ያጠፋል ብለው ይፈራሉ። የሚፈራው ሜታኖል ከገብስ ቢራ የሚገኘው እጅግ ጥቂት ነው። አደጋው ያለው የተጠመቀውን መልሶ አረቄ ማውጣት ላይ ነው፣ እሱን አትሞክር።

ለእንቁጣጣሽ ያልከውን እንቁጠረው። መብላላት ሁለት ሳምንት፣ ጠርሙስ ውስጥ ሁለት ሳምንት ነው። ነሐሴ 1 ቀን ብትጠምቅ ከነጷጉሜ 35 ቀን አለህ፣ ልክ ይመስላል። ግን ክረምት ነው። ቤቱ ወደ 15 እና 16 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል፣ እርሾውም ይዘገያል። ሐምሌ አጋማሽ ላይ ጥመቅና ባልዲውን በብርድ ልብስ ጠቅልለው። ከበዓሉ ሁለት ቀን ቀደም ብለህ ጠርሙሶቹን ቀጥ አድርገህ ፍሪጅ ውስጥ አቁማቸው፣ አተላው ሥሩ ላይ ይተኛል። ስትቀዳ በአንድ ትንፋሽ ሳታቋርጥ ቅዳ፣ መጨረሻ ላይ የቀረችውን ሁለት ጣት ተዋት።